ጃማይካ ኪንኬድ፣ «አኒ ጆን» እና «ሉሲ»፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለዚህች ደራሲ ባወራሁ ቁጥር የሚመጡብኝን ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ደርድሬያቸዋለሁ፣ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ ስፖይለር ደግሞ እስኪበቃችሁ አለ።

ጃማይካ ኪንኬድ ጃማይካዊት ናት?

አይደለችም። ስሟ ነው ሰው የሚያሳስተው፣ እኛ ደግሞ ጃማይካ ሲባል ሻሸመኔ ነው ቶሎ ትዝ የሚለን። የተወለደችው በ1949 አንቲጓ ደሴት ላይ ሴንት ጆንስ የምትባል ከተማ ውስጥ ሲሆን ቤት ያወጣላት ስም ኢሌን ፖተር ሪቻርድሰን ነው። በ1965 ገና በ16 ዓመቷ ኒውዮርክ አጠገብ ስካርስዴል የሚባል የሀብታሞች ሰፈር ልጅ ጠባቂ ሆና እንድትሰራ ተላከች፣ ከዛ ቤት ወጥታ ትንሽ ተማረች፣ ትንሽ ተንከራተተች፣ በ1973 ስሟን ቀየረች።

ለምን ቀየረች ለሚለው፣ ቤተሰቦቿ መጻፏን አይወዱትም ነበር፣ የድሮ ስሟም ለሷ ሸክም ነበር፣ ያቺ ኢሌን ማድረግ የማትችለውን ነገር ሌላ ስም ያላት ሴት ታድርገው ብላ ነው። እኔ ብዕር ስም ብዬ አልጠራውም፣ ምክንያቱም በቃ በዛው ስም ነው የኖረችው።

አንቲጓ የት ናት? ማወቁስ ለንባቡ ምን ይጠቅመኛል?

ካሪቢያን ባህር ላይ ያለች 280 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነች ደሴት ናት፣ በስፋት ከአዲስ አበባም ታንሳለች። ሰዎቿ ሲጠሯት «አንቲጋ» ነው የሚሉት። እንግሊዞች ከአፍሪካ በግድ ባመጧቸው ባሮች ጉልበት ስኳር ያመረቱባት ቦታ ናት፣ ባርነት በ1834 ቀረ፣ ነጻነት ግን እስከ ኅዳር 1981 ድረስ አልመጣም። ይሄ ማለት ኪንኬድ ልጅ በነበረችበት ጊዜ ሙሉ በሙሉ የእንግሊዝ ተገዢ ናት፣ ትምህርት ቤት የሚያስተምሯት የእንግሊዝ ነገሥታት ታሪክ ነው፣ በቃሏ የምትይዘው አይታው ስለማታውቀው አበባ የተጻፈ የእንግሊዝ ግጥም ነው። እሱን ካላወቃችሁ ግማሹ ንዴት ከየት እንደመጣ አይገባችሁም።

ምንም አላነበብኩላትም፣ ከየት ልጀምር?

ጊዜ ከሌላችሁ «ገርል» ከሚለው፣ «ሴት ልጅ» እንደማለት ነው። በ1978 ዘ ኒው ዮርከር መጽሔት ላይ የወጣ ሁለት ገጽ ገደማ የሚሆን ነገር ነው፣ ሙሉው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ እናት ለልጇ ትእዛዝ ስትደረድር ብቻ ነው የምትሰሙት። ነጭ ልብስ ሰኞ እጠቢ፣ ባለቀለሙን ማክሰኞ፣ የአባትሽን ካኪ ሱሪ እንዲህ ነው የሚተኮሰው፣ እሁድ ሰንበት ትምህርት ቤት ቤና አትዝፈኚ (ቤና ወሬና ሐሜት የሚዜምበት የአንቲጓ ዘፈን ነው)፣ ወንድ እንዲህ ነው የሚወደደው፣ ጽንስ የሚያስወርድ መድኃኒትም እንዲህ ነው የሚሰራው፣ ሁሉም በአንድ ትንፋሽ። ልጅቷ ሁለቴ ብቻ ነው ጣልቃ የምትገባው። ሁለተኛው ላይ ዳቦ ጋጋሪው ዳቦውን ዳስሼ እንዳይ ባይፈቅድልኝስ ስትል እናትየው ይሄ ሁሉ ተነግሮሽ ዳቦ ጋጋሪ ዳቦ የማያስነካት ዓይነት ሴት ልትሆኚ ነው? ትላታለች፣ እዛ ላይ ያልቃል። ድምፅሽን ቀንሺ፣ ሰብሰብ ብለሽ ተቀመጪ፣ ሰው ምን ይላል እየተባለች ላደገች ሴት ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ጊዜ ካላችሁ ደግሞ በ1985 የወጣውን «አኒ ጆን» ያዙ፣ 150 ገጽ ገደማ ስለሆነ ቅዳሜና እሁድ ይበቃዋል። ከሱ ቀድሞ በ1983 የወጣው የአጫጭር ጽሑፎች ስብስብ አለ ግን እሱ ሕልም የመሰለ ነገር ነው፣ በሱ የጀመረ ብዙ ሰው ደራሲዋ አትገባኝም ብሎ ይተዋታል።

«አኒ ጆን» ስለ ምንድነው?

አኒ መጀመሪያ ላይ አስር ዓመቷ ነው፣ መጨረሻ ላይ አስራ ሰባት። አንድ ልጅ ናት፣ አባቷ አናጺ ነው፣ እናቷ ደግሞ ለሷ ዓለሟ ናት። አብረው ገላቸውን ይታጠባሉ፣ አብረው ገበያ ይሄዳሉ፣ ከአንድ ጣቃ የተቀደደ ቀሚስ ይለብሳሉ፣ እናቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያለውን ልብሷንና ዕቃዋን ያስቀመጠችበትን ሳጥን እያወጣች የእያንዳንዱን ታሪክ ታወራላታለች። ከዛ አኒ አስራ ሁለት ዓመት ሲሆናት ጨርቅ ቤት ሄደው አንድ ጨርቅ ትመርጣለች፣ እኔና አንቺ ከዚህ እናሰፋ ትላለች፣ እናትየው ግን በቃ አድገሻል፣ ዕድሜሽን ሙሉ ትንሿን እኔን መስለሽ መዞር አትችይም ትላታለች።

መጽሐፉ ይሄ ነው። ከዛ በኋላ ያለው ሁሉ፣ ውሸቱ፣ ስርቆቱ፣ ኩርፊያው፣ በሽታው፣ ከዛች ጨርቅ ቤት የወጣ ነው።

ልቦለድ ነው ወይስ የአጫጭር ልቦለዶች ስብስብ?

ስምንት ምዕራፍ ነው፣ ምዕራፎቹ መጀመሪያ ለየብቻ ዘ ኒው ዮርከር ላይ ወጥተዋል፣ ስለዚህ አንዱን መዝዛችሁ ብታነቡት ራሱን ችሎ ይቆማል። አንዳንዱ ነገር ሁለት ቦታ እንደ አዲስ የሚነገረው፣ አንድ ገጸ ባሕርይ ጥርግ ብላ የምትጠፋውም ለዛ ይመስለኛል። እኔ ልቦለድ ነው እላለሁ፣ አስተማሪያችሁ ሌላ ካለ ግን ለፈተና የሱን ጻፉ።

ታሪኩ የራሷ ነው? እውነት ነው?

ከራሷ ሕይወት የተወሰደው ብዙ ነው። አንቲጓ፣ ሴንት ጆንስ፣ አናጺው አባት (በእውነተኛው ሕይወት የእንጀራ አባቷ ነው፣ ወላጅ አባቷ ሹፌር ነበር፣ በ2002 ስለሱም ሌላ መጽሐፍ ጽፋለች)፣ ከዶሚኒካ ደሴት የመጣችው እናት፣ ጎበዝና አስቸጋሪ ተማሪ መሆኗ። እሷ ራሷ ስትጠየቅ የምታወራው ሁሉ እውነት ነው፣ ግን ፍርድ ቤት በማስረጃነት አይቀበለውም ዓይነት ነገር ነው የምትመልሰው።

እኔን ከተመሳሳዩ ይልቅ የለወጠችው ነገር ነው የሚገርመኝ። አኒ አንድ ልጅ ናት፣ ኪንኬድ ግን ሦስት ታናናሽ ወንድሞች ነበሯት፣ የመጀመሪያው የተወለደው እሷ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት ነው። አኒ ነርስ ልትሆን ወደ እንግሊዝ በመርከብ ትሄዳለች፣ ኪንኬድ ግን የእንጀራ አባቷ ሲታመም ከትምህርት ቤት ወጥታ ነው ለቤተሰብ ብር እንድትልክ አሜሪካ የሰው ልጅ ልትጠብቅ የተላከችው። በሌላ አባባል ልቦለዱን ስትጽፍ ወንድሞቿን ሰረዘቻቸው። ይሄን ያዙት፣ ወደ ታች እንመለስበታለን።

የኮሎምበሱ ምዕራፍ ላይ ምን አጥፍታ ነው እንደዛ የተቀጣችው?

ይሄ ብዙ ሰው የሚወደው ምዕራፍ ነው፣ እኔም። የታሪክ መጽሐፏ ላይ ኮሎምበስ በሰንሰለት ታስሮ መርከብ ላይ ቁጭ ያለበት ሥዕል አለ። ይሄ እውነት የሆነ ነገር ነው፣ በ1500 ታስሮ ነው ወደ ስፔን የተመለሰው። አንቲጓንም ስም ያወጣላት እሱ ነው፣ በ1493 ሲያልፍ ሴቪል ከተማ ባለች ቤተክርስቲያን ስም ነው የሰየማት፣ አልወረደባትም እንኳን።

አኒ ከሥዕሉ ስር ታላቁ ሰውዬ እንግዲህ እንዳሻው ብድግ ብሎ መሄድ አይችልም ብላ በሚያምር የድሮ ፊደል ትጽፋለች። አባባሉ ከየት መጣ ካላችሁ ከእናቷ ነው፣ እናቷ የገዛ አባቷ መራመድ እንዳቃተው የሚገልጽ ደብዳቤ አንብባ እየሳቀች ያለችው ነው። ልጅቷ በቤት ውስጥ ጥል የሰማችውን ለቅኝ ገዢው ላከችለት ማለት ነው። አስተማሪዋ ታየውና ከክፍል አለቅነት ይሽሯታል፣ ቅጣቱ ደግሞ የድሮውን እንግሊዛዊ ገጣሚ የሚልተንን «ፓራዳይዝ ሎስት» የመጀመሪያዎቹን ሁለት መጻሕፍት መገልበጥ ነው። ስለ ሰይጣን አመፅ የሚያወራ ግጥም ለአመፀኛ ልጅ መስጠት ምን ዓይነት ቅጣት እንደሆነ እንጃ፣ ያነበበችው ነገር ኋላ ላይ ዋጋ ያስከፍላቸዋል።

ቤቷ ስትሄድ ደግሞ ልታለቅስባት የፈለገችው እናቷ አኒ የምትጠላውን ብሬድፍሩት የሚባል የዛፍ ፍሬ ሩዝ አስመስላ ታበላታለች። ከዛ ገጽ በኋላ ልጅቷ የምታምነው ሰው የለም፣ ትምህርት ቤትም ቤትም አንድ ሆኑባት።

አኒ ከትምህርት ቤት ጓደኛዋ ከግዌንና ከቀይዋ ልጅ ጋር ያላት ነገር ምንድነው፣ ፍቅር ነው?

ፍቅር ነው፣ ምን ዓይነት ነው የሚለው ላይ ነው አንባቢ የሚለያየው። የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር ነው ብለው የጻፉ ሃያሲዎች አሉ፣ የትምህርት ቤት ጓደኝነት ነው የሚሉም አሉ፣ መጽሐፉ ራሱ ስም አያወጣለትም፣ እኔም አላወጣለትም። ግን አንድ ነገር አስተውሉ፣ ግዌን ንጹሕ፣ የተተኮሰ ዩኒፎርም የምትለብስ፣ እናትየው የምትወዳት ዓይነት ልጅ ናት፣ አኒም የምትይዛት እናቷ ስትገፋት ወዲያው ነው። ቀይዋ ልጅ ደግሞ ገላዋን የማትታጠብ፣ ዛፍ የምትወጣ፣ ብይ የምትጫወት ናት፣ እናት ብታያት የምትጮህባት። አንዷ ምትክ ናት፣ ሌላዋ በቀል።

የብዩዋ ነገር ደግሞ ልብ ይነካል። እናት አኒ የደበቀቻቸውን ብዮች ፈልጋ ስታጣ ትተዋትና ታሪክ ትነግራታለች፣ ልጅ እያለች ከተራራ ላይ ሙዝ ተሸክማ ስትወርድ ጭንቅላቷ ላይ በነበረው ሙዝ መሃል እባብ ነበር የሚል። አኒ ልቧ ይሟሟል፣ ልትናገር አፏን ስትከፍት እናትየው በለሰለሰ ድምፅ «እሺ እመቤቲቱ፣ ብዮችሽ የታሉ?» ትላለች። አኒም ብይ የለኝም ትላለች፣ በቃ። እኔ ይሄን ገጽ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፣ እናትየው ታሪኩን የነገረቻት ከልቧ ይሁን ለማጥመድ እስካሁን አልለየልኝም።

ሦስት ወር ተኩል ዝናብ የዘነበበት ምዕራፍ ላይ ምን ሆና ነው የታመመችው? አያቷ ጠንቋይ ናት?

ዛሬ ቢሆን ድብርት ወይም ዲፕሬሽን እንለዋለን፣ መጽሐፉ ግን ስም አይሰጠውም። አስራ አምስት ዓመቷ ነው፣ አልጋ ላይ ትወድቃለች፣ ሐኪሙ ምንም አያገኝባትም፣ ውጭ ዝናቡ አያባራም። አንድ ቀን ብቻዋን ስትሆን የቤተሰቡን ፎቶዎች በሳሙናና በውሃ ታጥባቸዋለች፣ ሲደርቁ የሠርጉ ፎቶ ላይ ከሷ በስተቀር ፊት ያለው ሰው የለም፣ እናትና አባቷ ከወገብ በታች ጠፍተዋል፣ እሷ ነጭ ለብሳ የቆመችበት ላይ ደግሞ ከጫማው በቀር ራሷን አጥፍታለች። እዚህ ላይ ማብራሪያ የሚጠይቅ ሰው ካለ ፎቶዎቹን እንደገና ይያቸው ነው የምለው።

አያቷ ማ ቼስ ከዶሚኒካ ትመጣለች፣ መርከብ በማይመጣበት ቀን ነው የመጣችው፣ እንዴት እንደመጣች ማንም አይነግረንም። የምታውቀው ኦቢያ ይባላል፣ ከአፍሪካ ተሰደው የመጡ ሰዎች ይዘውት የቆዩ የመድኃኒት፣ የመንፈስና የመከላከያ ዕውቀት ነው። ጠንቋይ ብሎ መተርጎም ይከብዳል፣ እኛ ዘንድ መድኃኒት አዋቂ፣ ደብተራ፣ ዓይነ ጥላ ገፋፊ ብለን የምንከፋፍለውን ሁሉ አንድ ላይ የያዘ ነገር ነው። አያትየዋ በልጇ ጊዜ ተሸንፋ ነበር፣ ባሏ ሐኪም ይሻላል አለ፣ ልጁ ሞተ፣ ሊሞት ሲል ከእግሩ ትል በስቶ ወጣ። ስለዚህ ለአኒ ስትመጣ ዝም ብላ አጠገቧ ጥቅልል ብላ ትተኛለች፣ ትመግባታለች፣ ታጥባታለች። ዝናቡ አባርቶ አኒ ስትነሳ ከእናቷ በቁመት በልጣለች።

«ሉሲ» የ«አኒ ጆን» ክፍል ሁለት ነው?

መጀመሪያ፣ ድንቅነሽ አይደለችም፣ ይሄን የሚጠይቅ ሰው አለ። በ1990 የወጣ ልቦለድ ነው፣ ባለታሪኳ ሉሲ ጆሴፊን ፖተር አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ከደሴቷ ወጥታ አንድ የአሜሪካ ከተማ ውስጥ ማራያና ሉዊስ የሚባሉ ባልና ሚስት ቤት አራት ሴት ልጆች ትጠብቃለች። በስም ክፍል ሁለት አይደለም፣ በመንፈስ ግን ነው። ስሜን ከየት አመጣሽው ብላ እናቷን ስትጠይቅ ከሰይጣን ነው፣ ሉሲፈር ሲያጥር ነው፣ ገና ከጽንስሽ አስቸጋሪ ነበርሽ ትላታለች። ሉሲ አትናደድም፣ ደስ ይላታል። የሚልተኑ ግልበጣ ፍሬ አፈራ በሉት።

ትዝ የሚለኝ ዳፎዲሉ ነው። ሉሲ ልጅ እያለች ስለዚህ ቢጫ አበባ የተጻፈ የእንግሊዝ ግጥም በቃሏ ይዛ ሰው ፊት አንብባ ተጨብጭቦላታል፣ ከዛ አበባዎቹ ሲያባርሯት በሕልሟ አይታለች። ማራያ ቅን ሴት ናት፣ ዓይኗን ሸፍና አበባው ሜዳ ላይ ወስዳ ታቆማታለች፣ እየሽልኝ ብላ። ሉሲ በማጭድ ልታጭዳቸው ነው የሚያምራት። አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ድረስ አይታ የማታውቀውን ነገር በአስር ዓመቷ እንድታደንቅ ተገዳለች፣ ይሄን ለማራያ ማስረዳት አይቻልም።

ብዙ የኛ ሴቶች ይሄን መጽሐፍ ሲያነቡ ዓረብ አገር ሰው ቤት የሰሩትን ወይ የእህታቸውን ታሪክ ያያሉ፣ አይገርምም፣ ገረድ ቤቷ ጠባብ ናት፣ ከቤት የሚመጣ ደብዳቤ ደግሞ ሁሌ የሚጠይቅ ነገር አለው። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው፣ ሉሲን ፓስፖርቷን የነጠቃት የለም፣ ሲበቃት በቃኝ ብላ ወጥታ ከጓደኛዋ ጋር ቤት ተከራይታለች።

ግን እናትየዋ ምን አድርጋ ነው ይሄ ሁሉ ጥላቻ?

ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው ይሄ ነው፣ ኮርስ ላይ የሚያነቡ ተማሪዎችም የሚጣሉበት ይሄ ነው። «አኒ ጆን»ን ብቻ ያነበበ ሰው ልጅቷን ነው የሚፈርድባት። እናት ታበላለች፣ ታለብሳለች፣ ስትታመም ታነሳለች፣ የጠየቀቻት ማደግ ብቻ ነው፣ ልጅቷ ደግሞ ጥጋበኛ። እኔም መጀመሪያ ሳነበው እንደዛ ነበር ያልኩት። አንድ ጊዜ ከወንዶች ጋር ቆማ ስታወራ አይታት እንደ ሸርሙጣ ስትሆኚ አየሁሽ ብላ ደጋግማ ትሰድባታለች፣ አኒም ልጅ በእናቷ ነው የምትወጣው ትላታለች፣ እሱ ከባድ ነው፣ ግን እሱም ከብዙ ኩርፊያ በኋላ ነው የመጣው።

ምክንያቱ ያለው ሌሎቹ መጻሕፍት ውስጥ ነው። «ሉሲ» ላይ ወንድሞቹ ብቅ ይላሉ። ወላጆቿ ወንዶቹ እንግሊዝ ሄደው ዩኒቨርሲቲ ይማራሉ፣ ሐኪም ምናምን ይሆናሉ እያሉ ያልማሉ፣ ለሷ ግን እንደዛ ያለመላት የለም፣ እናቷ በልጆቿ ገና ለገና ስትኮራ ዓይኗ እንባ ሲሞላ ሉሲን ልቧን ሰይፍ ይወጋታል። ለዚህ ነው አስራ ዘጠኝ የእናቷን ደብዳቤ ሳትከፍት ያስቀመጠችው፣ አንድ ለአንድ ዓመቷ። በ1997 በወጣው «ማይ ብራዘር» ላይ ደግሞ፣ ይሄኛው ልቦለድ አይደለም፣ በኤድስ ስለሞተው የመጨረሻ ወንድሟ የጻፈችው ነው፣ ሙሉውን ታወጣዋለች። አስራ አምስት ዓመቷ እያለ ሕፃኑን ጠብቂ ተብላ እሷ ስታነብ ውላ የልጁን ሽንት ጨርቅ አልቀየረችም፣ እናቷ መጥታ ስታየው መጻሕፍቷን ሁሉ ሰብስባ ድንጋይ ክምር ላይ አድርጋ አቃጠለቻቸው።

እንግዲህ «አኒ ጆን» ላይ የሰረዘቻቸው ወንድሞች ምክንያቱን ይዘው ነው የሄዱት። ሲታይ ስህተት ይመስላል፣ ለኔ ግን ያ መጽሐፍ ከሁሉም የሚበልጠው በዚሁ ነው። ምክንያቱ ቢቀመጥ ኖሮ በወንድሞቿ የተበደለች ልጅ ታሪክ ይሆን ነበር፣ ሲወጣ ግን የሚቀረው መለየቱ ብቻ ነው፣ ማንም ሳያጠፋ የሚመጣው መለየት። ያንን ደግሞ ወንድም የሌላትም ታውቀዋለች።

እናት ማለት እንግሊዝ ናት የሚሉት ነገር እውነት ነው?

ኪንኬድ ራሷ ቃለ ምልልስ ላይ የእናትና የልጅ ነገር ስጽፍ ቆይቼ በአውሮፓና በመጣሁበት ቦታ መካከል ያለውን፣ ማለትም በኃይለኛውና በደካማው መካከል ያለውን ግንኙነት እየጻፍኩ እንደነበር አየሁ የሚል ሐሳብ ተናግራለች። ስለዚህ ፈጠራ አይደለም። ግን አየሁ ነው ያለችው፣ አስቤበት ጀመርኩ አላለችም። አንዳንድ ሰው ይሄን ከያዘ በኋላ እናትየው ሻይ ባፈላች ቁጥር ንግሥቲቱን ያያል፣ እሱ ንባቡን ያደርቀዋል። ለነገሩ አኒን ብሬድፍሩቱን ያበላቻት የገዛ እናቷ ናት፣ ባንዲራ አይደለም።

ለምንድነው እንደዚህ የምትቆጣው? አንባቢ አይሰለችም?

የሰለቸው አለ። «አኒ ጆን» ሲወጣ ብዙ ሰው ወደደው፣ ለአንድ ዓለም አቀፍ ሽልማትም ከሦስቱ የመጨረሻ ዕጩዎች አንዱ ነበር። ከዛ በ1988 «ኤ ስሞል ፕሌስ» መጣ፣ ትንሽ ቦታ እንደማለት ነው፣ ልቦለድ ሳይሆን ቱሪስቱን ፊት ለፊት አንተ እያለ የሚሞልጭ ቀጭን መጽሐፍ። ዓመታት የሰራችበት ዘ ኒው ዮርከር በጣም ተቆጥታለች ተብሎ አላወጣውም። ከዛ ወዲህ ቁጡ የምትለው ቃል ተለጠፈባት፣ «ሉሲ»ም ላይ፣ ከፍቺዋ በኋላ በ2013 በወጣው «ሲ ናው ዜን» ላይም፣ የቀድሞ ባሏን ለመበቀል ነው የጻፈችው ያሉ ብዙ ነበሩ። የሷ መልስ አጭር ነው፣ ቁጡ የምትሉኝ ጥቁርና ሴት ስለሆንኩ ነው።

እኔ በከፊል እስማማለሁ። ወንድ ደራሲ ስለ አባቱ እንደዚህ ቢጽፍ ደፋር ይባል ነበር። ግን ደግሞ ቁጣ የለባትም ማለት አይቻልም፣ አለባት፣ ቁጣው ሲያምር እንጂ ሲደበቅ አላየሁም። «ሲ ናው ዜን»ን ግማሽ ድረስ አንብቤ ትቼዋለሁ፣ እሱን አልዋሽም።

የአንቲጓ ሰዎችስ ምን አሉ?

ገመናችንን አደባባይ አወጣችው ያሉ ብዙ ናቸው፣ እሷ እንደምትለው ደግሞ እውነቷን ነው፣ ግን መናገር ነበረባት? ነበር ወሬው። ለተወሰኑ ዓመታት በይፋ ባልታወጀ መንገድ አገሯ እንዳትገባ ተከልክላ እንደነበርም ተናግራለች። የከፋቸው ይመስለኛል ቱሪስቱን ከሰደበች በኋላ ወደራሳቸው ባለሥልጣናት መዞሯ ነው፣ ሙስናውን አንድ በአንድ ቆጠረችው። በ1974ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ የተጎዳው ቤተመጻሕፍት ከአስር ዓመት በኋላም እድሳት በቅርቡ የሚል ምልክት ተሰቅሎበት ቆሟል ብላ ጽፋለች። ያ ቤተመጻሕፍት ደግሞ ልጅ እያለች መጽሐፍ ትሰርቅበት የነበረው ነው፣ ስለዚህ ለሷ የሕንፃ ጉዳይ አይደለም።

«አኒ ጆን» መጨረሻ ላይ አኒና እናቷ ይታረቃሉ?

አይታረቁም፣ ግን አልተጣሉምም ማለት ይቻላል፣ ሁለቱንም የሚያስብል ነገር ነው የጻፈችው። የመጨረሻው ምዕራፍ ከቤት እስከ ወደቡ ያለው መንገድ ነው፣ በእግር ግማሽ ሰዓት፣ አኒ በእናትና በአባቷ መሃል እየሄደች ልብስ ሰፊዋን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ቤተመጻሕፍቱን አንድ በአንድ ትሰናበታለች፣ ውስጧ ግን ዳግመኛ አላየውም እያለች ትደሰታለች። መርከቡ ላይ እናቷ አጥብቃ ታቅፋትና ምንም ብታደርጊ፣ የትም ብትሄጂ፣ ሁሌም እናትሽ ነኝ፣ ይሄም ሁሌም ቤትሽ ነው ትላታለች። አንዳንድ አንባቢ ይሄን ምርቃት ነው ይላል፣ አንዳንዱ ማስፈራሪያ። እኔ ልጅ ከመውለዴ በፊትና በኋላ የተለያየ ነገር ነው ያነበብኩት።

ከዛ እናትየው በጀልባ ወደ ባሕሩ ዳር ስትመለስ አኒ ቀይ መሐረቧን በኃይል ታውለበልባለች፣ እናቷም መልሳ እንደዛው ታውለበልባለች፣ ነጥብ ሆና ባሕሩ እስኪውጣት። አኒ ወደ ክፍሏ ወርዳ አልጋዋ ላይ ትተኛለች፣ ማዕበሉ መርከቡን ሲነካ የሚያወጣው ድምፅ ፈሳሽ የሞላው ዕቃ በጎኑ ተጋድሞ ቀስ እያለ የሚፈስ ይመስላል። እዛ ላይ ነው የቆመው፣ ምን እንደፈሰሰ አትነግረንም።